ከ«ተ» ጀርባ

ሐምሌ ነው፤ ቲማሩ፤
ጨው ያዘለው ንፋስ ከወደቡ ወጥቶ ይገባል በበሩ።
የወተት ቦቴዬን ከሱፍ መጋዘኑ ጥግ አስጠግቼ፣
ይኸው ዐሥራ አንደኛ ማክሰኞዬ፤ ዳኛ አዞኝ እንጂ መች ወድጄ መጥቼ።

ጠዋት የሕፃናት መዋያ ነው ቤቱ፤
ከግድግዳው ውሻ፣ አረንጓዴ ቀለም ፈሶበት ደረቱ፤
ስድስት ጣት ያላት ሴት፤ ከራሷ በላይ «እማዬ» ተጽፏል፤
ዘጠኝ ወንዶች ከሥሯ፤ አንድ አሮጌ ማሞቂያ ያንኮራፋል።
ዐሥረኛው ወንበር ባዶ ነው፤
ኮት እንኳ አይሰቀልበትም፤ እዚህ ለሌሉት ነው።

ንጋይሬ ስልሳን አልፋለች፤ የገጠር አስተማሪ ነበረች ድሮ፤
ውሸት ትለያለች፣ ሐኪም ልብ እንደሚያዳምጥ፣ አስጠግታ ጆሮ።
«ክሌም፣ አንተ ጀምር።»
ክሌም፣ ዕድሜውን በቄራ የፈጀ፣ ክንዱ እንደ ምሰሶ፣
«በሩ ተሰበረ» ይላል፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ድምፁ አንሶ።
«ማን ሰበረው?»
«ንዴት ያዘኝ፤ እጄ ቀደመኝ፤ ደሜ ፈላ።»
«እጅህ ከቀደመህ፣ አንተ በምን መጣህ፣ ከኋላ?»

ሳቃችንን ዋጥን።
ሁላችንም እንዲሁ ነን፤ እንዲሁ ነው ስንናገር የኖርን፦
ተገፋች። ተጋጨች። ተፈነከተች። ስልኳ ተከሰከሰ።
ባለቤቷ እዚያው ቆሞ፣ ባለቤት የሌለው ግስ ከሰማይ ፈሰሰ።
«ተ» ቀጭን ፊደል ናት፣ እንደ መስቀለኛ እንጨት፤
ዘጠኝ ወንድ ግን ከጀርባዋ ቆሞ አይታይም፣ ቢፈልጉት።

ሆኔ፣ ዓሣ አጥማጁ፣ ሦስት ሳምንት ዝም ያለው፣
«ሰበርኩ» አለ ድንገት።
«ምን?»
«የልጄን ብስክሌት… አይ። የእናቷን ክንድ ነው።»
ማንም አላጨበጨበም፤ ንጋይሬ ጭብጨባ ትከለክላለች፤
«እሷስ በየትኛው እጇ ታጨብጭብ?» ትላለች።

እኔ ግን ጎበዝ ተማሪ ነኝ።
አልቀረሁም፣ አላረፈድኩም፤ ቃሉን ሁሉ ሸመደድኩ፤
«ኃላፊነት»፣ «ወሰን»፣ «ረፍት እወስዳለሁ»፤ ሁሉንም አልኩ።
እሑድ ሮዊና ስለ ባንክ ካርዷ ብትጠይቀኝ፣
«ረፍት ያስፈልገኛል» አልኳት በለስላሳ ድምፅ፣ ልክ እንዳስተማሩኝ።
ወጣሁ። አራት ሰዓት ሙሉ ባሕር ዳር ቆሜ ማዕበል ቆጠርኩ።
ስመለስ እራቴ ምድጃው ላይ ነው፤ ልጆቹ ተኝተዋል፤
እሷ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፣ የጫማዋን ክር እንዳሰረች።
ምን ጫማ ያስፈልጋል? አልኩ በሆዴ፤ ቤቷ አይደለች?

«ዱጋል፣ ያንተስ ሳምንት?»
«ሰላም ነበር። አልተጮኸም። እጅ አልተነሣም።»
ንጋይሬ አየችኝ፤ ቆየች፤ ከዚያ ቀስ ብላ፦
«አንተ ረፍት ሲያሻህ ትወጣለህ።
እሷ ሲያሻትስ በምን ትወጣለች?»

እጄን ኪሴ ከተትኩ።
የቦቴው ቁልፍ። የቤታችን መኪና ቁልፍ።
ሌላም የቤታችን መኪና ቁልፍ፣
ሮዊና እንዳይጠፋባት ቀይ ክር ያሰረችበት።

ወሰድኩባት።
ስድስት ፊደል ነው፤ በዚያች በሥዕሏ ሴት ጣት ልክ።
ከጉሮሮዬ ደርሶ ቆመ።
ሰዓቱ አለቀ፤ ወንበር ይነባበር ጀመር፤
«በሚቀጥለው ማክሰኞ» አለች ንጋይሬ፤
ባዶውን ወንበር ራሷ አነሣችው።

በመንገዱ ሁሉ ቁልፎቹ ኪሴ ውስጥ ሲንሿሹ፣
ለብቻዬ፣ በቦቴው ውስጥ፣ መስኮቱን ዘግቼ፣
ስድስቱን ፊደል ደጋግሜ አልኩ፤ አሳምሬ አልኩ።
መስማት የሚገባት ግን ቤት ናት፤
ጫማዋን አስራ።